የክፉው ዓመት ጠርሙስ

አቡ ዳቢ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ አበራሽ፣

ያሳደገኝን ደጅዎን እግዚአብሔር ከነጋኖቹ ይጠብቅልኝ፤ ጉልበትዎን ከብርድ፣ ዓይንዎን ከጭስ ይሰውርልኝ። እኔ በጤናዬ ላይ ነኝ። ሙቀቱም እንደ ዐረቦቹ «ኸላስ፣ በቃ» ብሎ ሰው በቀን መንገድ መሄድ ጀምሯል። ጆሮዎ ስልክ አልቀበልም ካለ ወዲህ እኔም ያለ ወረቀት ወሬ አልመጣልህ ብሎኛል። የጎረቤትዎ ልጅ ትዝታ ይህን ከስልኳ ላይ አሳትማ ስታመጣልዎ በእኔ ስም ጉንጯን ይሳሙልኝ።

የዛሬው ያፈርኩበት ጉዳይ ነው። ለሌላ ብነግረው ይስቅብኛል፤ እርስዎ ግን ጥፋቱ የጋራችን ስለሆነ ይሰሙኛል።

አል ራሐ ቢች ያለው ሆቴላችን ባለፈው ሐሙስ ከጣልያን አገር አንድ ሽማግሌ ጋብዞ ነበር። ሲኞር ኦሬስቴ ይባላሉ። ኮረብታ ላይ የወይን እርሻ አላቸው፤ አያታቸው ተከሉት፣ አባታቸው ጠበቁት፣ አሁን እሳቸው ይጠምቃሉ። ስምንት ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዘው መጡ። ሁሉም የዚያው የአንድ ኮረብታ፣ የአንድ ቤተሰብ ነው፤ የሚለየው ዓመቱ ብቻ። እንግዶቹ ከአዲሱ ጀምረው ወደ አሮጌው እየቀመሱ ይወርዳሉ። አዲሱ እንጆሪ እንጆሪ ይላል፣ ምላስንም እንደ ጌሾ ይይዛል። እያረጀ ሲሄድ ይለሰልሳል፤ የመጨረሻው አሮጌ ብራና ሲገለጥ የሚመጣውን ሽታ ይሸታል። ከቀመሱ በኋላ ደግሞ በባልዲ ይተፉታል። አዎ፣ ይተፉታል! አይቆጡ፣ እንዳይሰክሩ ነው።

ቀጂው እኔ ነበርኩ። አራተኛው ጠርሙስ ላይ ስደርስ እጄ የት አገር እንዳለ ረሳ። ለሽማግሌው ከመቅዳቴ በፊት ግራ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ፤ ልክ እርስዎ «አሳላፊ ሳይቀምስ ለሰው አይሰጥም» ብለው እንዳስለመዱኝ። እንግዶቹ ሳቁ። አንዲት ሴትዮ ፎቶ አነሳችኝ። አለቃዬ ወደ ጓዳ ጠርቶ «አንተ ድመት ነህ? እንግዳ ፊት እጅህን የምትልሰው?» አለኝ። ጆሮዬ ድረስ ነደድኩ።

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። አምስተኛውን ሲያስቀዱ ለሁሉም እንዲህ አሉ፦ «ይህ የክፉው ዓመት ነው። ዝናቡ አልቆም ብሎ ፍሬው በዘለላው ላይ በሰበሰ። ጠመቅነው፣ ሸጥነውም፤ ግን ስማችንንና ዓመቱን ጽፈንበት። አባቴ ‹ክፉውን ዓመት የደበቀ ሰው ደጉን ዓመት ማን ያምነዋል› ይሉ ነበር።» እውነትም ቀጭን ነገር ነበር። ማንም ግን አልናቀውም።

ሲጨርሱ ጠሩኝና በመዳፍ መቅመስን ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ። «አክስቴ» አልኩ። ጠጅ የሚባል የማር መጠጥ እንደሚጠምቁ፣ ቤቱ ከአያትዎ ጀምሮ የአንድ ቤተሰብ እንደሆነ ነገርኳቸው። «በየካቲት እመለሳለሁ፤ የእሷን አቅምሰኝ» አሉ። እኔም ቃል ገባሁ።

እትዬ፣ አንድ ጠርሙስ ብቻ። ያ ደረቁ፣ የእንግዳው ጠጅ። የማሩን ወጪ እኔ እልካለሁ።

ልጅዎ ኢሳይያስ

•

ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኢሳይያስ፣

ድንግል ማርያም በሄድክበት ትቅደምልህ፤ በባዕድ አገር ደረጃ ላይ እግርህን አታሰናክልብህ። እኔ አለሁ፤ አርጅቼም ሆነ ተነጫንጬ አለሁ። ደብዳቤህ የደረሰኝ በኅዳር ነበር። መልሱን ያዘገየው ጾም ነው፣ ብርድም ነው፣ ትዝታም ፈተና ላይ ነበረች።

የመዳፍህን ነገር ሳነብ ሳቅሁም፣ አዘንኩም። ድመት ያለህ ሰውዬ እናቱ ቤት አላደገም መሰለኝ። በመዳፍ መቅመስ «መርዝ ቢኖርበት እኔን ያስቀድመኝ» ማለት ነው። ምኑ ያሳፍራል? እናትህ፣ የአክስቴ ልጅ፣ ያረፈች ጊዜ አምጥተው ጓዳዬ ካስቀመጡህ ቀን ጀምሮ ያስተማርኩህ አንድ ነገር ይኸው ነው። አንተ ግን ያን ጊዜም ታፍር ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በጓሮ በር ሹልክ ብለህ ነበር የምትገባው።

ለጣልያን ጠጅ ትለኛለህ? አያቴ በጣልያን ጊዜ አንድ መኮንን ደጃፋቸው ቆሞ ጠጅ ቢላቸው ውኃ የበዛበት ብርዝ አጠጥተው ሸኙት ይባላል። እሱም በቋንቋው «ቡኖ፣ ቡኖ»፣ ግሩም ነው እያለ ሄደ አሉ። ስለዚህ ለጣልያን ደህና ጠጅ መስጠት በቤታችን ወግ የለም ብለህ ንገርልኝ።

ስለ ዝናቡ ዓመት የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መነጽሬ አርጅቷል።

ማሩ አሁን ወቅቱ አይደለም። የካቲትም ሩቅ ነው። ገንዘብ እንዳትልክ፤ ብትልክ እመልሰዋለሁ። ይልቅ ስለ ራስህ ጻፍ፤ ሚስት የሚሆን ሰው የለም ወይ እዚያ በረሃ?

አሳዳጊህ አበራሽ

•

አቡ ዳቢ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አበራሽ፣

ዕድሜዎን እንደ ጠጅዎ እያጠራ ያቆይልኝ።

የሚስቷ ነገር ይቆይ። ማሩ እንዴት ወቅቱ አይሆንም? እርስዎ እኮ ከጥቅምቱ ማር ሁለት ጋን ለእንግዳ ያስቀሩ ነበር። ጋኑን በወይራ የማጥነው እኔ ነበርኩ፣ አልረሳሁም። ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ለሆቴሉ ጽፈው «የማሩ መጠጥስ?» ብለዋል። አለቃዬም አሁን ነገሩን ወዶታል። «ቤተሰብህ ጠማቂ መሆኑን ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» አለኝ። በየካቲቱ ቅምሻ ጥሩ ከሆነልኝ የወይን ክፍሉ ኃላፊ እንደሚያደርገኝ ፍንጭ ሰጥቶኛል።

መንገዱን አስቤዋለሁ። ጸዳለ፣ አል ዐይን ከተማ አል ጂሚ ሰፈር ልጆች የምትጠብቀው ያገራችን ልጅ፣ ለጥምቀት ትገባለች። ከሚና ዛይድ ገበያ የገዛሁትን ቴምር ይዛልዎት ትመጣለች፤ ስትመለስ ጠርሙሱን ይስጧት።

እባክዎ እትዬ። እስካሁን እዚህ ሰው ፊት በኩራት ያወራሁት የእርስዎን ጠጅ ብቻ ነው።

ኢሳይያስ

•

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢሳይያስ፣

ሰላምህ ይብዛ።

ቴምሩ ደርሶኛል፤ ለጎረቤት አካፈልኩት። ጸዳለ መልካም ልጅ ናት። ጠርሙሱን ሰጥቻታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ለማንም ከመቅዳትህ በፊት አንተ ቅመሰው። በመዳፍህ፣ እንዳስተማርኩህ። ካልጣመህ ድፋው፤ መንገድ ላይ ተሰበረ በል። እኔ አልቀየምም።

አበራሽ

•

አቡ ዳቢ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ አበራሽ፣

መጪውን ጾም በሰላም አስገብቶ በሰላም ያስፈስክዎ።

የጠርሙሱን ጉዞ ቢያዩ ይስቁ ነበር። ጸዳለን ከአውሮፕላን ማረፊያው የምትሠራበት ቤት ሾፌር በቀጥታ ወደ አል ዐይን ስለወሰዳት ላገኛት አልቻልኩም። ጠጁ ሳምንት ሙሉ የእስላም ቤት ውስጥ፣ ከአልጋዋ ሥር፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ተኛ። ባለፈው ዓርብ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ሄጄ አል ጂሚ የገበያ አዳራሹ በር ላይ ተቀበልኳት። ልጆቹን በግራና በቀኝ ይዛ፣ ቦርሳውን እንደ እሳት ወረወረችልኝ።

«ውሰድልኝ ኢሳ፣ ኸላስ! ሌሊት ሌሊት ‹ጭስስ› እያለ ሊገድለኝ ነው። ማዳም ‹ምንድን ነው የሚሸተው?› ስትለኝ የሳል መድኃኒት ነው አልኳት። ‹ለልጄም ስጪኝ› ብላ አታርፍ መሰለህ!»

«ታዲያ ምን አልሻት?»

«ለሐበሻ ሳል ብቻ ነው አልኳ!»

ትልቁ ልጅ ጠርሙሱን ለማየት ሲንጠራራ እኔ ወደ አውቶቡሱ ሮጥኩ።

ቅምሻው ትናንት ነበር። ጠጁን ሁሉም ወደዱት። አመሰግናለሁ።

ጉልበትዎ እንዴት ነው? ትዝታ ፈተናውን አለፈች?

ልጅዎ ኢሳይያስ

•

ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢሳይያስ፣

እግዜር ይስጥህ። ስለ ጸዳለ አንድ ገጽ ጻፍክልኝ፤ ስለ ጠጁ አንድ መስመር። ሽማግሌው ምን አሉ? ቃላቸውን ጻፍልኝ። በመዳፍህ ቀመስክ ወይስ አልቀመስክም?

ትዝታ አልፋለች።

አበራሽ

•

አቡ ዳቢ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አበራሽ፣

ከአንድ ወር በላይ ዝም አልኩዎት። ብዕሩን አንስቼ ሰላምታው ላይ ስደርስ ፊቴ እየነደደ የቀደድኩት ወረቀት ስንት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ዛሬም በምርቃት ልጀምር አልደፈርኩም።

በመዳፌ አልቀመስኩትም።

ሽማግሌው የእሳቸውን ጠርሙሶች አስቀምሰው ሲጨርሱ፣ ስምንት እንግዶችና አለቃዬ እንደተቀመጡ፣ «አሁን የኢሳይያስ ቤተሰብ ተራ ነው» አሉ። ተነሳሁ። ብርሌ ስለሌለ በወይኑ ብርጭቆ ልቀዳ ነው። መዳፌን ዘረጋሁ። አለቃዬ አየኝ። መልሼ ጨበጥኩት። ሺህ ጊዜ ያደረግሁትን ነገር፣ እርስዎም አደራ ያሉኝን፣ ድመት እንዳልባል ብዬ ተውኩት። በቀጥታ ቀዳሁላቸው።

ሽማግሌው አንድ ጉንጭ ያዙ። አልተፉትም፣ ዋጡት። ከዚያ «ማር አለበት አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ስኳርስ?» ሲሉኝ ብርጭቆዬን አነሳሁ። እትዬ፣ በመጀመሪያው ጠብታ አወቅሁት። ምላሴን ያሳደጉት እርስዎ ነዎት። ከሥር ስኳር ነው፣ ከላይ ትንሽ ማር።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እኔ ብቻ እንድሰማ ያህል፣ «የእሷ ክፉ ዓመት ነው?» አሉኝ። በሩን ከፍተው ያዙልኝ፤ አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። አለቃዬ አንገቱን አስግጎ «ምን ሆነ?» አለ። እኔም «የእሷ አይደለም፤ የእሷ ሳይደርስ ቀረ፣ ይህ ከመንገድ የተገዛ ነው» አልኩ።

አለቃዬ «አክስትህ ናት ያልከን አይደል እንዴ?» ሲለኝ፣ «አክስት እንኳ አይደለችም፤ የማውቃት ሴት ናት» አልኩ።

ይኸው ነው። ሽማግሌው ብርጭቋቸውን እስከ መጨረሻው ጠጡት። እንግዶቹ ሲወጡ ባልዲውን የማጥበው እኔ ነበርኩ፤ የእርስዎን ጠጅ የተፉበትን ባልዲ።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህር ደበበ «አሳዳጊህ ምን ትሠራለች?» ብለው ሲጠይቁኝ «እህል ትነግዳለች» ያልኩት ትዝ አለኝ። ጠጅ ቤት ማለት አፍሬ ነው። ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሁን ሠላሳ አራት ነው።

ስለ ስኳሩ አልጠይቅዎትም። የመጠየቅ ፊት የለኝም። የጠርሙሱ ግማሽ አልጋዬ ሥር አለ። መድፋትም መጠጣትም አቅቶኛል።

ኢሳይያስ

•

ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኢሳይያስ፣

እግዚአብሔር ፊትህን ያብራልህ፤ ካጠቆርከውም ይጠብልህ። እኔ ዛሬ በምርቃት እጀምራለሁ፤ ለሁለታችንም ያስፈልጋል።

ስኳሩ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። መንገዱ ሲዘጋ ከቆላ የሚመጣው ማር ቀረ። ደንበኞቼ መጥተው «ባዶ ነው» ብዬ መመለስ አቃተኝ። መጀመሪያ አንድ ኩባያ ስኳር ጨመርኩ። ለአንድ ቀን ነው ብዬ። እጅ ደግሞ አመል ያወጣል፤ ሁለት ሆነ፣ ከዚያ ስኳሩ ጠጁ ሆነና ማሩ ቅመም ሆነ። መልኩንም በገበያ ቀለም ቢጫ አደርገዋለሁ። እኔ፣ የሰው ጠጅ ቤት እያለፍኩ «ስኳር!» ብዬ የምተፋው ሴትዮ።

አንድ ሰው እንኳ ያወቀብኝ አልመሰለኝም፤ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የጎዳኝ እሱ ነበር። ያንተ ደብዳቤ ሲመጣም ማር አጥቼ አይደለም የዘገየሁት፤ አንድ ጠርሙስ ማር ማን ይከለክለኝ ነበር? ለአንድ ጠርሙስ ንጹሕ ጠጅ ጠምቄ መላክ እችል ነበር። ግን ያ የባሰ ውሸት መስሎ ታየኝ። ከምሸጠው ላይ ቀድቼ ላክሁልህ። ይቀምሰዋል፣ ያውቅብኛል፣ ይደፋዋል፣ «እትዬ ምን ነካዎት?» ብሎ ይጽፍልኛል ብዬ ነበር። በአፌ ልናገረው ያልቻልኩትን በመዳፍህ እንድትሰማው ነው የላክሁት። ጣልያኑ እንዲያውቅ አይደለም፣ አንተ እንድታውቅ። ጥፋቴን ባሕር አሻግሬ ላንተ ማሸከሜ እሱም ጥፋት ነው።

«የማውቃት ሴት» ያልከው አሞኛል፤ አልዋሽህም። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ግን ስሜን ብትጠራም ያመኝ ነበር። ያልታመመ ቦታ አላስተረፍኩልህም።

የጓሮውን በር አንስቼብህ ነበር፤ ስለሱም ልንገርህ። በሩ ከአንተ በፊት አልነበረም። አምስተኛ ክፍል ስትገባ ከጓደኞችህ ጋር ስትመጣ በደጃፌ አልፈህ እስከ ወንዙ ሄደህ፣ እነሱ ሲበተኑ እየተመለስክ ስትገባ አየሁህ። ዝናብ ሲመታህ። በማግሥቱ አናጢ ጠርቼ አጥሩን አስፈታሁና በር አስወጣሁልህ፤ ለእንጨት ማስገቢያ ነው አልኩህ። ልጅ ነው፣ ይተወዋል ብዬ። ያለማመድኩህ እኔ ነኝ።

ትናንት ከቀትር በኋላ ቤቱ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ዝም አሰኝቼ «ይህ የስኳር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የስኳር ነበር» አልኳቸው። ሁለት ሰዎች ብርሌያቸውን አስቀምጠው ወጡ። ያንተ መምህር ደበበ ግን ከማዕዘናቸው ሆነው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «አበራሽ፣ እኛማ እናውቅ ነበር እኮ። እንዳናሳፍርሽ ብለን ነው።» እዚያው ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አሁን ሳስበው፣ እህል ትነግዳለች ብለህ ስትነግራቸውም ማታ ማታ እኔ ዘንድ ነበር የሚጠጡት።

አንድ ነገር ልለምንህ። ለሽማግሌው ጻፍላቸው። ጠጁ የአበራሽ ነው፣ የደብረ ማርቆሷ። ክፉ ዓመቷ ነው በላቸው።

አክስትህ አበራሽ

•

አቡ ዳቢ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ አበራሽ፣

ትንሣኤውን በዓይንዎ ያሳይዎት፤ እኔንም ከደጅዎ ያድርሰኝ።

ጻፍኩላቸው። ለአለቃዬም ደብዳቤዎን እያነበብኩ በቃሌ ተረጎምኩለት። ኃላፊነቱን ለሌላ ሰው ሰጥቷል፤ ቅሬታ የለኝም። ሽማግሌው መልስ በመጻፍ ፋንታ አቡ ዳቢ ወይናቸውን በሚያከፋፍለው ሰው በኩል አንድ ጠርሙስ ላኩ። ያ የዝናቡ ዓመት ነው። አንገቱ ላይ በእጃቸው የጻፉት ካርድ ታስሯል፦ «ለወይዘሮ አበራሽ፣ ከክፉ ዓመት ለክፉ ዓመት።»

ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ ጠርሙሱን ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ከፋሲካ ማግሥት፣ ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ቤቱ ሙሉ ሳለ እደርሳለሁ። መምህር ደበበ ከማዕዘናቸው እንዳይነሱ ይንገሩልኝ። ለሁሉም የምቀዳው እኔ ነኝ፤ የጣልያኑንም፣ የስኳሩንም። አስቀድሜ በመዳፌ እቀምሳለሁ፤ የማን እንደሆነም ጮክ ብዬ እናገራለሁ።

አሁንም አፍሬአለሁ። ይህን ስጽፍም ፊቴ ይነዳል። ሰኞ ደጃፉ ላይ ስቆምም መንደዱ አይቀርም።

የጓሮውን በር ግን ያስደፍኑት።

ልጅዎ ኢሳይያስ